የሁለት መቶ ሦስት ቁጥር ግድግዳ

ደላላው ናምጉንግ ያዘዘው ኑድል የደረሰው አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው። አመላላሹ የይቅርታ ቃሉን እያሰናዳ የመስታወቱን በር ሲገፋ ናምጉንግን ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አየው። አጠገቡ የኪራይ ውል የሚያትምበት የድንጋይ ማህተም ወድቋል። ጡብ ያህል ይከብዳል። ናምጉንግ በሕይወት ሳለ ለደንበኛ ሁሉ እያስነካ ይኩራራበት ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአምስት ሆኗል።

ኢንስፔክተር ማንግ ሲደርስ የሐምሌ ዝናብ ያንን የሴኡል ዳገታማ ሰፈር ከላይ እስከ ታች ያጥበዋል። ሳጅን ቦንግ ቀድማው ደርሳ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ሃያ ዓመት አብረው ስለሠሩ በማዕረግ የሚጠራሩት ሰው ፊት ብቻ ነው።

"ተጠንቀቅ፣ እንዳትረግጠው" አለችው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ደግሞ እስከ በሩ በዝናብ ውኃ የላቆጠ ነጭ የጫማ ዱካ ተዘርግቷል።

"ዱቄት ነው?"

"ጂፕሰም ነው። ባሌ ቤት ሲያድስ አንድ ክረምት ሙሉ ሳስነጥስ ከርሜያለሁ፤ ከሩቅ ነው የማውቀው።"

የናምጉንግ ስልክ የመጨረሻውን ጥሪ ይዟል። ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሲያወራ ቆይቶ "ሰው መጣብኝ፣ መልሼ ልደውል" ብሎ ዘግቷል። አልደወለም። ጎረቤቶቹ ደግሞ ሳይጠየቁ ነው የተናገሩት። ናምጉንግ የቀደመው ቀን ከግድግዳ ወረቀት ለጣፊው ከቹ ጋር መንገድ ላይ ሲጯጯህ ነበር። "ያለፈቃድ የምትሠራትን ክፍል ሁሉ አንድ በአንድ ነው የማስቆጥርህ!" ሲለው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

"በል እንግዲህ" አለች ቦንግ ጉልበቷን ይዛ እየተነሳች። "ጠብ አለ፣ ጂፕሰም አለ። ምሳችንን ሳንበላ ጨረስን።"

ቹን ያገኙት ወደ ማምሻው ቤቱ በር ላይ መሰላሉን ሲያጥብ ነው። ስድሳ አልፎታል፤ ሥራው ቅንድቡንና የጆሮውን ጠርዝ ሳይቀር ነጭ አድርጎታል።

"ጋሽ ቹ፣ ዛሬ ረፋዱን የት ነበሩ?" አለው ማንግ።

"ቤቴ፣ ተኝቼ።"

ሚስቱ ከኋላው ብቅ ብላ ኖሮ የሰማችውን አላመነችም። "አንተ ሰውዬ! አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይደለም እንዴ መሰላልህን ተሸክመህ የወጣኸው?"

ቹ ወደ ሚስቱ ዞሮ አላያትም። ወዴት ሄዶ እንደነበር ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስቴም "ሆድ ይፍጀው" ብሎ መለሰ። ጫማው እንዳለ ነጭ ነበር። ይዘውት ሄዱ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ የናምጉንግ ስልክ ሌላም ስም ባይዝ ኖሮ። ሚራን የምትባል ተከራይ የቀደመው ቀን ሦስት ጊዜ ደውላለታለች። የምትኖረው ከቢሮው አምስት ደቂቃ ርቆ ባለው በወይዘሮ ፒዮ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር ሁለት መቶ ሦስት ነው።

ወይዘሮ ፒዮ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ጸጉራቸውን ጠበቅ አድርገው የተተኮሱ ሴት ናቸው። ማንግን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ እናቱም የቅርብ ወዳጃቸው ናት።

"ሚራን? ተኝታ ነበር እንጂ! የሌሊት ሠራተኛ አይደለች እንዴ? ጫማዋን በር ላይ አይቻለሁ። ታንኮራፋም ነበር ልበልህ? ቹም ቢሆን ዛሬ እዚህ አልመጣም። እሷን ተዋት ልጄ፣ ብርቱካን ልላጥልህ።"

ፎቁ ላይ ጠባብ ኮሪደር አለ፤ ግራና ቀኝ አምስት በር። ሁለት መቶ ሦስት ቁጥርን የከፈተችላቸው የሠላሳ አራት ዓመቷ ሚራን በዳቦ ፋብሪካ የምትሠራ ቀጭን ሴት ናት። ክፍሏ ሦስት ሰው ከቆመበት አራተኛ አይጨምርም። ጥግ ላይ ተለጣፊ ጥንቸሎች የተደረደሩባት ሮዝ የልጅ ጠረጴዛ አለች፤ አንዱ እግሯ ላይ ውኃ የነካው ምልክት ይታያል።

"ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኝቼ ነበር" አለች። "እዚሁ።"

"ጠረጴዛዋ የማን ናት?" ጠየቀቻት ቦንግ።

"የልጄ። ሰባት ዓመቷ ነው። አሁን አባቷ ጋ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የፍርድ ቤት ሰው የምኖርበትን አይቶ ወደ እኔ ትምጣ አትምጣ ይወስናል።"

"ናምጉንግን ለምን ፈለግሽው?"

"የአድራሻ ማረጋገጫ ልትሰጠኝ ቃል ገብተህልኛል ልለው ነው። ክፍለ ከተማው ሁለት መቶ ሦስት የሚባል ክፍል በዚህ ቤት የለም አለኝ። እሱ አስተካክለዋለሁ ይል ነበር።"

ማንግ ይህን እየሰማ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። እጁን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። እስከ ኮርኒሱ ድረስ ያው እርጥበት ነው፣ የማጣበቂያውም ሽታ ገና አልጠፋም። ጎንበስ ብሎ ከሲንኩ ሥር አየ። የቧንቧው አንገት ላይ አቧራ ያልነካው ነጭ ጥብጣብ አምስት ዙር ተጠምጥሟል።

"ክረምት ነው" አለችው ቦንግ እጁን አይታ። "የእኔም ቤት ግድግዳ ያለቅሳል።"

የክረምት እርጥበት ከታች እንጂ ከላይ እንደማይጀምር ማንግ ሊነግራት ይችል ነበር። ጥብጣቡ ለምን አምስት ዙር እንደሆነም ሊነግራት ይችል ነበር። "እህ" ብቻ አለና ወጣ።

ማንግ ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ከዚያ ሦስት ጠባብ መንገድ ከፍ ብሎ ይገኛል። እናቱ ኩላሊቷ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟን ታሳጥባለች፤ ሰገነቱ ላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች የሚከራዩትም ለዚያ ነው። ስትሠራቸው ፈቃድ ጠይቃ ነበር። የመጀመሪያው መልስ የመኪና ማቆሚያ የላችሁም የሚል ሆነ። ሁለተኛው ደረጃችሁ ጠባብ ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሰፈሩ ከዚህ በላይ ቤት አይጨመርበትም ብሎ ዘጋው። እናቱ ወረቀቶቹን አጥፋ መሳቢያ ከተተችና ግንበኛ ጠራች። ዳገቱ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁጥጥር በመጣ ቁጥር የሚደረገው የታወቀ ነው። ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት ተከራዮቹ ልብስና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ጋደም ብሎ መዋል ወደሚቻልበት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይላካሉ። ሲንኩ ይፈታል፣ የጂፕሰሙ ግድግዳ ይነሳል። ተቆጣጣሪው ባዶ አዳራሽ ፎቶ አንስቶ "ተስተካክሏል" ብሎ ይሄዳል። ማታ ሁሉም ይመለሳል፣ አዲስ ወረቀትም ይለጠፋል። በእናቱ ቤት ሲንኩን ፈትቶ የሚያወርደው፣ መልሶም ጥብጣቡን አምስት ዙር የሚያስረው ማንግ ራሱ ነው። አራት ዙር ያንጠባጥባል።

ባለፈው ሚያዝያ ሲንኩን ታቅፎ ደረጃውን ሲወርድ አንደኛውን ተከራይ አገኘው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ታክ ይባላል፣ ሰባ አራት ዓመቱ። ብርድ ልብሱን በገመድ አስሮ ጀርባው ላይ አዝሏል። ሽማግሌው ጥግ ይዞ መንገድ ለቀቀለትና ጎንበስ ብሎ "ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ" አለው። ከገዛ ክፍሉ እየተባረረ እሱ ነበር ይቅርታ የሚጠይቀው። ማንግ የፖሊስ መታወቂያው ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ሲንኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ስልኩን አወጣና የሚያነብ መሰለ።

አሁን እራቱ ፊት ተቀምጦ ያቺን ደረጃ አሰባት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

"ምነው አትበላም?" አለችው እናቱ። "ቹን አሰርከው አሉ። ምን አድርጎ?"

"እየተጣራ ነው።"

"ቹ ዝንብ አይገድልም።"

ማንግ ይህን ያውቃል። ማወቁን ለማንም ሳይነግር አንድ ሌሊት አሳደረ፣ ቹም ጣቢያ አደረ።

በማግሥቱ የቹ ሚስት ደረቅ ካልሲ ይዛ መጣች። ማንግን ስታይ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሳች፤ "በእርስዎ እጅ መሆኑ አጽናንቶናል" አለችው። ካልሲውን ተቀብሎ ወደ ቹ ሲገባ ፊቱ ይነድ ነበር።

"ጋሽ ቹ፣ አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊልክዎ ነው። ትናንት ረፋድ ወይዘሮ ፒዮ ቤት ግድግዳ ሲያነሱ ነበር፣ አይደል?"

ቹ ካልሲውን ቀስ ብሎ አጠለቀ። "የግድግዳ ሥራ አይወራም፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ የአንዷን ባወራ ነገ የሁሉንም ይጠይቁኛል። ስንት ሰው ነው ሜዳ ላይ የሚወድቀው? እዚህ ዳገት ላይ እጄ የሌለበት ቤት የለም።" ቀና ብሎም "የእናትዎ ሰገነትም የእኔ ሥራ ነው" አለ። ለማስፈራራት አልነበረም። የረሳውን የሚያስታውሰው ነበር የሚመስለው።

ሰውየው የታሰረው አፉን ይዞ ነው፣ አፉን ከያዘላቸው ሰዎች አንዷ ደግሞ የማንግ እናት ናት። ማንግ ጃኬቱን አንስቶ ወደ ክፍለ ከተማው ሄደ።

የግንባታ ተቆጣጣሪዋ ጭቃ የያዘ ቦቲ የተጫማች ፈጣን ሴት ናት። የወይዘሮ ፒዮን መዝገብ ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። "ትናንት ነው የሄድኩት። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ከሩብ። ይኸው ፎቶው።"

ፎቶው ላይ ሁለተኛው ፎቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ባዶ አዳራሽ ነው። ኮሪደር የለም፤ አምስቱ በሮች የሉም። ሰዓቱ ጥግ ላይ ታትሟል፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አራት። መካከል ላይ ቅንድቡ የነጣ ሰው የገብስ ሻይ በትሪ ይዞ ቆሟል።

"እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው" አለች። "እስክወጣ ድረስ ሜትሩን ይዘውልኛል።"

ማንግ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አቀረበ። በመስኮቱ በኩል በረንዳው ይታያል። እዚያ፣ ዝናብ ላይ፣ ላስቲክ ጣል የተደረገባት ትንሽ ሮዝ ጠረጴዛ ቆማለች።

"አዳራሽ መሆኑን አምነሻል?" አላት።

ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየችው። "እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ኢንስፔክተር። በእርስዎም ቤት ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"

ወይዘሮ ፒዮ ፎቶውን ሲያዩ ብርቱካን አልላጡም።

"እና ምን ይሁን? ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሦስቴ መኪና ማቆሚያ አምጪ አሉኝ። ተከራዮቼ መኪና ቀርቶ ብስክሌት እንኳ የላቸውም! ባሌ ከሞተ በኋላ ምን በልቼ ልደር?"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት፣ እትዬ። ሚራን ተኝታ ነበር ብለውኛል። የት ነው የተኛችው?"

"ግድግዳው አልነበረም ልበል? በገዛ አፌ?" ድምፃቸው ሰለለ። "ገደለች ብዬ መች አሰብኩ! ክፍሉ ነበረ ለማለት እሷን ተኝታለች ማለት ነበረብኝ። ቹንም አልመጣም አልኩ። እሱ መቼም አይናገርብኝም።"

"ለግድግዳ ብለው ሰው አሳሰሩ።"

"አንተስ?" አሉት ዓይናቸውን ዓይኑ ላይ ተክለው። "ግድግዳዬን ስትዳብስ አይቼሃለሁ። ያኔውኑ አውቀሃል። ለምን ዝም አልክ? ይሄን ከጻፍክ እናትህ ጋ ሲንክ ስትሸከም ያየ ሰው ሞልቷል፣ እኔም አንዷ ነኝ።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ማንግ ወደ ፎቅ የሚወስደውን ደረጃ ወጣ።

ሚራን ሁለት መቶ ሦስት ቁጥር ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የታጠበ ጫማዋ መስኮቱ ሥር ይደርቃል። ስፌቱ ውስጥ ነጩ አሁንም አለ። ሳጅን ቦንግ በሩ ላይ ቆመች፣ ማንግ ቁጢጥ ብሎ ፎቶውን ፊቷ አስቀመጠ።

"ተኝቼበት ነበር ያልሽው ክፍል በዚያ ሰዓት አልነበረም" አላት።

ሚራን ፎቶውን አየችው። በመጀመሪያ የነካችው ሮዟን ጠረጴዛ ነው።

"ስከራይ ግድግዳው እንደሚነሳ ማንም አልነገረኝም" አለች። "እዚህ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ሴትየዋ መታጠቢያ ቤት ሂጂ፣ ከምሳ በኋላ ነይ አሉኝ። ከረጢቴን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ጋሽ ቹ ግድግዳውን ሲፈቱት አየሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጄን የማመጣበት ቤት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም!"

ሚራን ፎቶውን ገልብጣ አስቀመጠችው።

"ናምጉንግ ጋ ሄድኩ። የፍርድ ቤቱ ሰው በቁጥጥር ቀን ቢመጣስ አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ሳቀ። 'ሁለት መቶ ሦስት የሚባል ክፍል መቼ ነበረና ነው?' አለኝ። ራሱ እኮ ነው ውሉን ያተመው! በዚያው በድንጋዩ! ያተምክበት ይኸው አይደል ወይ ብዬ አነሳሁት። ላሳየው ነበር ያነሳሁት።" ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። "እሱ ያኔም እየሳቀ ነበር።"

"ጋሽ ቹ መታሰሩን አልሰማሽም?" አለች ቦንግ።

"ሰምቻለሁ።" ሚራን አንገቷን ደፋች። "ዕለቱን ልናገር ነበር። ልጄ ሳምንት ብቻ ነው የቀራት አልኩ። ሳምንት ብቻ። እኔም እንደዚህ ያለ ሰው ሆንኩ።"

ማንግ ካቴናውን ለቦንግ ሰጣት። የሱ እጅ እንዲያስራት አልፈለገም።

ቹ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ወደ በሩ ሲያመራ ማንግ አስቆመውና ይቅርታ ጠየቀው። ቹ ግን "ተዉት፣ ሥራ ነው" ብሎ መሰላሉ የት እንደገባ ጠየቀ።

ቦንግ የምርመራውን ሪፖርት አንብባ ጨረሰችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄ ምንድን ነው? 'ግድግዳው በቁጥጥር ቀን እንደሚነሳ ከመጀመሪያው ሰዓት አውቄያለሁ፤ በምኖርበት ቤት እኔም ይህንኑ ስለማደርግ ነው፤ ባለመናገሬ ንጹሕ ሰው ታስሮ አድሯል።' አጥፋው። ፎቶው ይበቃል። ጉዳዩ ካንተ ቤት ጋር ምን አገናኘው?"

"ያቺ ሌሊትስ የት ትጻፍ?"

"እናትህን ሜዳ ላይ ልትጥላት ነው። አንተንም ያባርሩሃል።"

"ሊሆን ይችላል።"

ቦንግ ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልቀለደችበትም፤ ከስድብ ይልቅ ያ ነበር የከበደው።

ከአሥር ቀን በኋላ ባለቦቲዋ ተቆጣጣሪ ወደ ማንግ እናት ቤት መጣች። እናቱ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሲንኩን አታወርደውም?" አለችው። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቋ ነው።

"አላወርደውም፣ እማዬ።"

"በሽታዬ እኮ ነው ያሠራኝ። ይቺን ንገራት።"

"እነግራታለሁ።"

ተቆጣጣሪዋን አስከትሎ ሰገነቱን ወጣ። የሽማግሌው የታክ በር ተከፍቷል። ማንም ሳይነግረው ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ብርድ ልብሱን በገመድ ጠፍሮ ጀርባው ላይ አዝሎ ቆሟል።

"ዘገየሁ መሰለኝ" አለ። "ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ። አሁን እወርዳለሁ።"

"አይወርዱም፣ አባባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ሽማግሌው አልገባውም። መጀመሪያ ማንግን፣ ከዚያ ሜትር የያዘችውን ሴት አየ። "ታዲያ ታየዋለች እኮ።"

"እንድታየው ነው።"

"እዚህ የሚኖረው ማነው?" አለች ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አንስታ።

ታክ ልናገር ወይ ብሎ እንደሚያስፈቅድ ማንግን አየ።

"አቶ ታክ ናቸው" አለ ማንግ። "እዚህ ከገቡ ስድስት ዓመታቸው ነው።"

ጻፈች። ግድግዳውን ለካች፣ ሲንኩን ፎቶ አነሳች፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ይፍረስ የሚለውን ወረቀት ፈርማ ሰጠችውና ወረደች። ሽማግሌው ወረቀቱን አላነበበም፤ ያልገባው ነገር አልነበረም።

"በሰባ አራት ዓመት ለብቸኛ ሽማግሌ ክፍል የሚያከራይ የለም" አለ። ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩን ነው የተናገረው። "ሞቶ ይገኛል ብለው ይፈራሉ።"

ማንግ ታች ክፍል አለኝ ሊል አሰበ። ግን ቤቱም ደመወዙም የሱ ሆነው ይቆዩ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ወደ ሽማግሌው ጀርባ ዞረና የብርድ ልብሱን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ብዙ ጊዜ የታሰረ ነበርና አስቸገረው።

"እርስዎን አስቸገርኩ" አለ ታክ። "ይቅርታ።"

ማንግ በዚህ ጊዜ ስልኩን አላወጣም። የሚደበቅበት ነገር ሳይኖር፣ ፊቱ እየነደደ፣ ቋጠሮውን እስኪፈታ ድረስ ከሽማግሌው ጀርባ ቆመ።